ወገሉ እስከየት ወረደ?

ጅዳ፣ ጉለይል
የካቲት 14 ቀን 2005 ዓ.ም.

ስልክ ለማይሰማው ጆሮዎና ምንም ለማያመልጠው ዓይንዎ ይድረስ፤ ለእቴ ራሕመት። አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። ጉልበትዎን፣ ላሟንና የአባቴን ቤት አላህ ይጠብቅልኝ። እኔ አልሐምዱ ሊላህ ምንም አልጎደለኝም፤ የናፈቀኝ የእርስዎ ቁጣ ብቻ ነው።

ይህን ወረቀት የምታደርስልዎት ካሰች ኮንትራቷን ጨርሳ ወደ ኮምቦልቻ የምትገባ ልጅ ናት። መልሱን እርስዎም ወደዚህ በሚመጣ ሰው ይስደዱልኝ።

እቴ፣ አዲስ ሥራ ይዣለሁ። ሲሰሙ እንዳይስቁ፤ አሸዋ እለካለሁ። ከጅዳ ወደ ደቡብ ሦስት ሰዓት በመኪና ተሄዶ፣ ከዚያ በጀልባ የሚደረስባት አንዲት ደሴት አለች። ዛፍም ሰውም የላትም፤ ከዳር እስከ ዳር በእግር ቢሄዱባት ሩብ ሰዓት አትፈጅም። እዚያ ስምንት ሆነን ዳርቻው ላይ ሃያ አራት ብረት ተክለናል፤ ስምንታችንም የወሎ ልጆች ነን። የሚያሠራን ሙሐንዲስ ኢብራሂም ይባላል፤ ኮሞሮስ ከሚባል የደሴቶች አገር የመጣ ነው። በእነሱ አገር ዐውሎ ነፋስ ሲነሣ ባሕሩን ይዞ ይወጣል አሉ። የአያቱ መንደር ጀልባ የሚያሳርፍበት አሸዋ ሁሉ በአንድ ቀን ተጠርጎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ነፋሱ ሳይመጣ፣ ምን ያህል አሸዋ እንደሚበላ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል ወይ? «ይህ ባሕር የኛን ያህል አይቆጣም፤ ግን ከትንሹ ቁጣ ትልቁን እማራለሁ» ይላል።

የኛ ሥራ በየሳምንቱ ብረቱ ከአሸዋው በላይ ስንት እንደቀረ መለካት ነው። ብረቱ ረዘመ ማለት አሸዋው ሄደ ማለት ነው፤ አጠረ ማለት ደግሞ መጣ። አጃኢብ ያሰኘኝ ምን መሰለዎት? ባሕር የወሰደውን ይመልሳል! ሲቆጣ አሸዋውን ወስዶ ከውኃው ሥር ይቆልለዋል፤ ሲበርድለት ደግሞ ቀስ እያለ እያንከባለለ ያወጣዋል። እንዲህ ያለ ሌባ አይተው ያውቃሉ?

የአባቴ ቤት እንዴት ነው? ከበሩ እስከ ቦርከና ወንዝ ስንት ርምጃ ቀረ? እስክመጣ ድረስ አማና ብዬ ነው የሰጠሁዎት፤ አንዲት ቋሚ እንዳትነካብኝ።

ልጅዎ ጀውሀር


ሐርቡ
መጋቢት 20 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለጀውሀር። ወዐለይኩሙ ሰላም። የባሕሩም የየብሱም ክፉ ካንተ ይራቅ፤ የምትጨብጠው ሁሉ በረካ ይሁንልህ።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ስቆጥር «ምን ሊያደርግልሽ?» ብለው ያሾፉብኝ ባለቤቴ ዛሬ በሕይወት ቢኖሩ፣ «የአጎቴ ልጅ ልጅ ባሕር ማዶ አሸዋ እየለካ ይጽፍልኛል» እላቸው ነበር። ይበልጥ ያሾፉ ነበር እንጂ!

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ብረታችሁ ሊያታልላችሁ ይችላል። ማዕበሉ በልቶ ሲያበቃ፣ እናንተ እስክትደርሱ ባሕሩ ግማሹን መልሶት ቢቆይስ? ብረቱ «ትንሽ ነው የሄደው» ይላችኋል፤ እናንተም ታምናላችሁ። መልካውን ረሳኸው እንዴ? ቦርከና ሞልቶ ሲጎድል መሻገሪያው ላይ ደለል ይተኛል። ላዩን ስታየው ድልዳል ነው፤ አህያ ሲገባበት ግን እስከ ሆዱ ይውጠዋል። አባትህ ነፍሱን ይማረውና ምን ያደርግ ነበር? ችካል ይተክልና ከሞፈሩ የወለቀ አሮጌ ወገል፣ ያን የብረት ቀለበት፣ በችካሉ ላይ ያጠልቅና መሬት ያስቀምጠዋል። ውኃው መሬቱን ሲበላ ወገሉ አብሮ ይወርዳል። ደለሉ ሲመለስ ወገሉ ከሥር ተቀብሮ ይቀራል። ጎርፉ ካለፈ በኋላ መቆፈር ነው፤ ወገሉን ያገኘህበት ድረስ ነው ውኃው የነከሰው። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ አዲስ ደለል ነውና አትመነው። ይህን ለሙሐንዲስህ ንገረው፤ የተማረ ሰው ነው ብለህ እንዳታፍረው።

ከበሩ እስከ ወንዙ አርባ አንድ ርምጃ ነው። ርምጃዬ ያው አጭር እንደሆነ ታውቃለህ።

ብር አትላክልኝ፤ ላሟ ትበቃኛለች። ልላክ ካልክ ያን የሚጠቀለለውን ሜትር ላክልኝ።

ራሕመት


ጅዳ፣ ጉለይል
ሚያዝያ 30 ቀን 2005 ዓ.ም.

ዱዓዎ ባሕር ተሻግሮ ለሚደርስልኝ ለእቴ ራሕመት። አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ከረሙ? ሜትሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይቀበሉ፤ አምስት ሜትር ነው፤ ሲጠቀለል ጣትዎን እንዳይቆርጥዎት።

እቴ፣ ጉድ ሠርተናል። ቁጭ ብለው ያንብቡት።

ባለፈው ሳምንት ከአሱር በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። እኛ ከደሴቷ ማዶ የብሱ ላይ ነበርን፤ ነፋሱ ድንኳናችንን ነቅሎ ወሰደው። የጅዳ መንገድ ጎርፍ ሆኖ ሙሐንዲሱ ሁለት ቀን መምጣት አልቻለም። በማግስቱ ባሕሩ ሲበርድ እኛ በጀልባ ተሻገርን። ወላሂ፣ ዳርቻው በመጥረቢያ የተቆረጠ ነው የሚመስል፤ ወገብ የሚደርስ ገደል ሆኗል። እንግዲህ የኛን ሰው ያውቁታል። በየዓመቱ ጥር ሲመጣ እርከን ሥሩ እየተባልን ያደግን ሰዎች፣ የተሸረሸረ መሬት እያየን እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ? አካፋው ጀልባው ውስጥ ነበር። ጓደኛዬ ሐምዛ «ያላ!» አለ፤ ጀመርን። ቀኑን ሙሉ ሞላነው፣ ደለደልነው፣ በእግራችን ጠቀጠቅነው። ከፊቱም ድንጋይ ደርድረን የሚያምር እርከን አቆምንለት። ከዚያ ሙሐንዲሱ መጥቶ እስኪመርቀን ተሰልፈን ጠበቅን።

መጣ። አየ። «ማዕበሉ ምንም አልወሰደም እንዴ?» አለ።

«ወስዶ ነበር፤ እኛ አስተካከልነው!» አልነው በኩራት።

እጁን ራሱ ላይ ጭኖ አሸዋው ላይ ቁጭ አለ። «ይህችን ማዕበል አንድ ዓመት ሙሉ ጠብቄአት!» አለ። ስምንት ጎልማሳ እንደ ተማሪ አንገታችንን ደፋን።

ያኔ ነው የእርስዎ ወገል ትዝ ያለኝ። ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ ጉለይል ካለ ብየዳ ቤት ሃያ አራት ትልልቅ ሮንዴላ፣ ያን መሐሉ የተበሳ ክብ ብረት፣ ለምኜ በየብረቱ አጥልቄ ነበር፤ ይስቅብኛል ብዬ ግን ለሙሐንዲሱ አልነገርኩትም። «ቆይ አንዴ» አልኩና የመጀመሪያውን ብረት ሥር መቆፈር ጀመርኩ። እኛ የሞላነውን አለፍኩ፤ ሌላም አሸዋ አለፍኩ፤ ክንዴ እስከ ብብቴ ሲገባ ሮንዴላዋ ጠፍጣፋ እንደተኛች እጄ ገባች። ሙሐንዲሱ ብድግ አለ! ሃያ አራቱንም ቆፈርን፤ ሃያ ሁለቱ ተገኙ። ለካ ዘዴውን በመጽሐፍ ያውቀው ኖሯል፤ ማዕበሉ እንደቆመ ወዲያው እደርሳለሁ ብሎ ነው የተወው። ከማዕበሉ በፊት በስሌት ተንብዮ የጻፈውን አውጥቶ ከኛ ልክ ጋር አስተያየው። ማዕበሉ እሱ ከተነበየው እጥፍ በልቷል፤ በልቶ ደግሞ እኛ ሳንደርስ ከፊሉን መልሶታል። ልክ እርስዎ እንዳሉት። «ማን አስተማረህ?» አለኝ። ስምዎን ነገርኩት፤ በደብተሩ ላይ ጻፈው።

እርከኑን ግን አስፈረሰን።

እዚህ ወረቀት የሌለው ወረቀቱን ያስተካክል፣ ያለዚያ ይውጣ ተብሎ ቀን ተቆርጧል። ስለ እኔ አያስቡ።

ልጅዎ ጀውሀር


ሐርቡ
ሰኔ 5 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለጀውሀር። ወዐለይኩሙ ሰላም። ከሰው ዓይን ከሹም ቁጣ ይሰውርህ።

ስሜን ምን ሊያደርግለት ጻፈው? ቀበሌ ነው እንዴ? እንዲያም ሆኖ፣ በማላውቀው ሰው ደብተር ላይ «ራሕመት» ተብሎ መጻፉን ሳስብ ሳቄ እየመጣ ወጥ አሳረርኩ። ስምንት ጎልማሳ ባሕር ላይ እርከን ሲሠራ! ገበያ ላይ ለሰው ሁሉ አወራሁት፤ አሁን የማያውቀው የለም።

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። የበልጉ ጎርፍ ዐሥር ርምጃ ወሰደብን፤ አሁን ሠላሳ አንድ ነው። ቀበሌው «ክረምቱ ሳይጠና ተነሺ» ብሎ ላይ ሾላው ዘንድ ቦታ ሰጥቶኛል። ቤቱ ግን ያንተ ነው፤ አባትህ በእጁ ያቆመው ነው፤ እኔ ጠባቂ ነኝ። ነገ «አማናዬን በላሽ» እንድትለኝ አልፈልግም። እስቲ ሙሐንዲስህን ጠይቀው፤ ለደሴት የሚተነብይ ሰው ለአንዲት ደጃፍ ያቅተዋል? ላንሣው ወይስ ይቆይ? ከወንዙ ዳር ችካል ተክዬ የአባትህን ወገል አጥልቄበታለሁ። ፈጥነህ መልስልኝ። ስልክ የነበረው ጎረቤታችን አስረስ ለሥራ ወደ አፋር ወርዷል፤ የቀረን ወረቀት ብቻ ነው።

ሌላም አለ። ሬዲዮ የሰሙ ሰዎች ጆሮዬ ላይ ጮኸው እንደነገሩኝ፣ እዚያ አገር ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሊታፈስ ነው። አንተ ኢቃማ አለህ? አዎ ወይም የለኝም በለኝ፤ ሌላ ወሬ አልፈልግም።

ራሕመት


ጅዳ፣ ጉለይል
ሐምሌ 2 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለእቴ ራሕመት። አሰላሙ ዐለይኩም። ነገ ረመዳን ይገባል፤ አላህ በሰላም አስጹሞ በሰላም ያስፈታን።

ስለ ቤቱ፦ አይንኩት። ሙሐንዲሱ ይህን ሰሞን አገሩ ሄዷል፤ ቢሆንም ሥራውን ለምጄዋለሁ። ያ የተቆረጠው ዳርቻ ዛሬ ቢያዩት ግማሹ ተመልሷል፤ በዓይኔ አይቼ ነው የምነግርዎት። ውኃ ውኃ ነው፤ ቦርከናም የወሰደውን ያመጣዋል። ሠላሳ አንድ ርምጃ ቢያንስ ሦስት ክረምት ያቆያል ብዬ ገምቻለሁ። የሚቀጥለውን ትልቅ ማዕበል እዚህ ለክቼ እመጣለሁ፤ ስመጣ የአባቴን ቤት አባቴ ባቆመበት ቦታ ላገኘው እፈልጋለሁ። እዚህ ስተኛ የማስበው እሱን ነው። ቀበሌውን «ባለቤቱ አልፈቀደም» ይበሉት።

እኔ ደህና ነኝ። የደሴቷ ወፎች እንቁላል ጥለዋል፤ ልክ ከማዕበሉ መስመር በላይ! ማን እንደነገራቸው ሙሐንዲሱም አያውቅም።

ልጅዎ ጀውሀር


ሐርቡ
መስከረም 8 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለጀውሀር። ወዐለይኩሙ ሰላም።

ላሟ ወለደች፤ ወንድ ነው። ማሽላው ሸጋ ነው። ዒዱን ከጎረቤት ጋር አሳለፍኩ።

«ውኃ ውኃ ነው» ላልከው፦ ስድሳ ዓመት ከወንዝ ዳር ኖሬ፣ ቦርከና ከዚህ የወሰደውን አንዲት አካፋ አፈር መልሶ ሲያመጣ አላየሁም። ሙሐንዲሱን ጠይቅ አልኩህ እንጂ አንተ ሙሐንዲስ ሁን አላልኩህም።

ኢቃማህን ጠየቅሁህ፤ የወፍ እንቁላል ነገርከኝ። እንግዲያው እኔም ርምጃውን አልነግርህም። ደብዳቤህ ላዩ ድልዳል ነው ልጄ፤ ወገሉ የት እንዳለ ግን አላወቅሁም።

ራሕመት


መካ፣ ነካሳ
ጥቅምት 22 ቀን 2006 ዓ.ም.

አላህ ብሎ በሕይወት ካሉልኝ፣ ለእቴ ራሕመት። አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካትህ።

ዋሽቼዎታለሁ። ኢቃማ የለኝም፤ ከመጀመሪያውም አልነበረኝም። በየመን በኩል በጀልባ የገባ ሰው ከየት ያመጣዋል? ሙሐንዲሱ ወረቀት ሊያወጣልኝ ብዙ ደከመ። ከፊል የሚሉት ዋስ አሠሪ ኖሮት ከእሱ የጠፋ ሰው እንኳ ይታረቃል፤ ከፊል ያልነበረው ግን መዝገብ ላይ የለም ተባለ። እርስዎ ያስባሉ ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ ዝምታው ለመደብኝ።

ስለ ቤቱ የባሰ አጥፍቻለሁ። ሙሐንዲሱ ከአገሩ ሲመለስ የእርስዎን ጥያቄና የኔን መልስ ነገርኩት። ተቆጣኝ፤ ተቆጥቶ አላውቀውም። «ባሕር አሸዋውን ደጁ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ ወንዝ ይዞት ነው የሚሄደው! ሳትለካ እንድትተነብይ ማን ፈቀደልህ? ዛሬውኑ ቤቱን ያንሱ በላት» አለኝ። ያን ደብዳቤ ግን የሚይዝልኝ ሰው አጣሁ። ሰው ሁሉ ተደብቋል። ሦስት ክረምት ያልኩት ከአፌ ነው፤ ምንም አልለካሁም። ቤቱ እንደቆመ ማሰብ ደስ ስላለኝ ነው የተነበይኩት።

ርምጃውን አልነግርህም ካሉኝ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እርስዎ ቤት ውስጥ ተኝተው ጎርፉ ቢመጣ አይሰሙትም። ይህን ሳላስብ ነው አይንኩት ያልኩዎት። ይንኩት፤ ያፍርሱት፤ እንጨቱን ያንድዱት። ቤቱ ይቅርና እርስዎ ይኑሩልኝ።

የተቆረጠው ቀን ከነገ ወዲያ ያልቃል። ጉለይል ላይ ሰው በሩን ከውስጥ እየቆለፈ ነው፤ ሐምዛ እዚህ ነካሳ ተራራው ላይ ያለች ክፍሉ ውስጥ አስጠግቶኛል። ደሴቷ ላይ የሚሠራ አልቀረም። ሙሐንዲሱ ደብተሩን ይዞ አገሩ ሊገባ ነው፤ «ሃያ ሁለቱ ቁጥር የአያቴን መንደር ሰዎች ከየት ወዲህ ቤት እንዳይሠሩ ይነግራቸዋል» አለኝ። ለእርስዎ አንዲት ሮንዴላ ልኳል። ኢልሃም የምትባል የአገራችን ልጅ ከአሠሪዋ ከመዳሟ ቤት ወጥታ ነገ ትበራለች፤ ወረቀቱንም ሮንዴላዋንም እሷ ትሰጥዎታለች። እኔ አንድ ማዕበል ልይ ብዬ ነበር የቆየሁት። አሁን ኸላስ፤ ሄጄ እጄን እሰጣለሁ። እባክዎ በሕይወት ይቆዩኝ።

ጀውሀር


ሐርቡ
ኅዳር 18 ቀን 2006 ዓ.ም.
ከአውቶቡስ ስትወርድ ባለሱቋ አየለች እንድትሰጥህ እሷ ዘንድ የተቀመጠ

ለጀውሀር። ወዐለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካትህ። እግርህ የአገርህን መሬት ረግጦ ይህን ካነበብክ ምስጋና ለአላህ ነው።

አስረስ ከአፋር ተመልሷል። ሐምዛ ደውሎለት፣ እጅህን ሰጥተህ መጠለያ እንደገባህ፣ ስምህም ለበረራ እንደተጻፈ ነገረው። አብሽር። ምን ይዘህ መጣህ ብሎ የሚጠይቅህ ካለ ወደኔ ላከው፤ እኔ እመልስለታለሁ።

አንተ እውነቱን ስለነገርከኝ እኔም ርምጃውን ልንገርህ። ከአባትህ በር እስከ ወንዙ ምንም ርምጃ የለም። በሩ የነበረበት ቦታ ዛሬ ውኃ ነው።

አትደንግጥ። እኔ ውስጡ አልነበርኩም፤ ቤቱም እዚያ አልነበረም። በሐምሌ የመጣው የመጀመሪያው ጎርፍ ሲጎድል ዳሩ ድልዳል መስሎ ታየኝ። ቆፈርኩ። ወገሉን ያገኘሁት ክንዴ እስከ ብብቴ ገብቶ ነው፤ ያው አንተ ባሕር ላይ እንዳገኘኸው። በላክልኝ ሜትር ለካሁት፤ ከቤቱ ቋሚዎች ጉድጓድ በታች ወርዷል። ወንዙ በሥሬ ገብቶ ነበር ማለት ነው። መልስህን አልጠበቅሁም። ደቦ ጠራሁ፤ ቋሚውን፣ ማገሩን፣ ቆርቆሮውን፣ በሩን አንድ በአንድ ነቅለው ሾላው ዘንድ መልሰው አቆሙት። «አይንኩት» የሚለው ደብዳቤህ ነሐሴ አጋማሽ ሲደርሰኝ አዲሱን ግድግዳ ጭቃ እየለጠፍኩ ነበር። ነሐሴ ሃያ አራት ቦርከና መጥቶ ሠላሳ አንዱንም ርምጃ፣ ቦታውንም ወሰደ።

መስከረም ላይ ርምጃውን የደበቅሁህ በኢቃማህ አኩርፌ ብቻ አልነበረም፤ ፈርቼህ ነው። አባትህ ያቆመውን አፍርሻለሁና አፉ በለኝ። ኢልሃም ባመጣችው ደብዳቤ «ጎርፉ ቢመጣ አይሰሙትም» ያልከውን ሳነብ ግን አለቀስኩ። ባለቤቴ ከሞቱ ወዲህ ስለ ጆሮዬ የተጨነቀ ሰው አልነበረኝም።

እንግዲህ መንገዱን ስማ። እግርህ በድሮው መንገድ እንዳይወስድህ፤ ጫፉ ገደል ሆኗል። ከአየለች ሱቅ ወደ ላይ ውጣ፤ የትምህርት ቤቱን አጥር ይዘህ ሾላው ድረስ ሂድ። በሩን ስታየው ታውቀዋለህ፤ የአባትህ በር ነው። ከፊቱ ችካል ተክዬ የሙሐንዲስህን ሮንዴላ አጥልቄበታለሁ። ከዚያ እስከ ወንዙ በኔ ርምጃ ሁለት መቶ ስድሳ ነው፤ አንተ ደግሞ በራስህ ርምጃ ትቆጥረዋለህ።

በሩን አታንኳኳ፤ አልሰማህም። ዝም ብለህ ግፋውና ግባ።

ራሕመት